አምፕሊፋየር ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን ቁረጡ
አምፕሊፋየር ቡፌ ወይም የቲቪ ማስቀመጫ ውስጥ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ መግለጫው ላይ በተጻፈው ጥልቀት ብቻ አትመኑ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚሰኩትን ገመዶች አይጨምርም። 32 ሴንቲ ሜትር የተባለው እቃ የስፒከርና የድምፅ ገመድ ሲሰካበት 38 ወይም 40 ይደርሳል። በግድ ከተገፋ ገመዱ ግድግዳው ላይ ይታጠፋል፣ መሰኪያው ይላላል፣ አንዱ ስፒከር እየተቆራረጠ ያስቸግራል።

ስለዚህ ካርቶን በእቃው ወርድ ቁረጡ (ትልልቆቹ 43 ሴ.ሜ ገደማ ናቸው)፣ ጥልቀቱ ላይ 7 ሴ.ሜ ጨምሩና መደርደሪያው ላይ አስተኙት። ከላይ 10 ሴ.ሜ ክፍት ቦታ ካልተረፈ ክላስ ኤቢ የሚባለውን የአምፕሊፋየር ዓይነት ተዉት፤ ከሚስበው ኃይል ብዙው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ባሕር ዳር ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ክፍሉ ራሱ ሞቃት ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ድምፁ ከፍ ሲል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ለስፒከሩ ስለሚያደርስ ትንሽ ሳጥን ይበቃዋል። ለጠባብ ቦታ የምመርጠው እሱን ነው፤ ብቻ የብዙዎቹ አዳፕተር ለብቻው ስለሆነ ማረፊያ አስቡለት።

ጣና ዳር የምትኖሩ፣ ነፍሳት እንዳይገቡበት ብላችሁ ዳንቴል አታልብሱት፤ የአየር ቀዳዳው ይታፈናል።