ድሬ ላይ ዶሮ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ አመሏን ጠይቁ

ቀፊራ ገበያ ዶሮ ሊገዛ የወጣ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ትጥላለች?» አመሏን የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ሳቢያን ያለው ግቢያችን ውስጥ አራት የፋዩሚ ቄቦች አስገባሁ፣ በሦስተኛው ቀን አንዷ የኒም ዛፉ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ ጎረቤት ጣሪያ ላይ አደሩ፣ አራተኛዋን ልይዛት ስል ደግሞ እንዴት እንደጮኸች! ሰፈሩ ሌባ የገባ መስሎት ወጣ።

ስለዚህ ከግቢያችሁ ጀምሩ። አጥራችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ፋዩሚ ይቅርባችሁ። የግብፅ ዘር ስለሆነች ሙቀት አያስቸግራትም፣ ቶሎ መጣል ትጀምራለች፣ እንቁላሏም ትንሽና ነጣ ያለ ነው፣ ግን ሰው አትለምድም። ሌግሆርንም ሙቀት ትችላለች፣ ነጭ ነጭ እንቁላል ትደረድራለች። ድንጉጥነቷ ነው ችግሩ። ባጃጅ ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ከግድግዳ ጋር ትላተማለች።

ግቢው ውስጥ ልጆች ካሉ ቦቫንስ ብራውን ወይም ኮኮክ ይሻላል። ቦቫንስ ቡናማ እንቁላል ትጥላለች፣ በደንብ ከተመገበች በዓመት እስከ 300 ትደርሳለች። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የተባለው ለእሷ ይመስለኛል፤ ሳህን ይዞ የወጣን ሰው ሁሉ ትከተላለች። ታዲያ ፍርፋሪ ለቅማ ብቻ ትኖራለች ብላችሁ እንዳትሞኙ፣ መኖ ሲያንሳት እንቁላሉ ይቆማል፣ ቦታ ሲጠብባቸው ደግሞ እርስ በርስ ይነቋቆራሉ። ኮኮክ የደቡብ አፍሪካ ዘር ናት። ላባዋ እኛ ገብስማ የምንለው ነው፣ እንቁላሏ ቡናማ። ለእርጋታ ከሁሉም እሷን አስቀድማለሁ። ሳሶም ረጋ ያለች ናት፣ ግን ሥጋዋ ስለሚከብድ የድሬ ቀትር ይበረታባታል። ሐረር ላይ ይሻላታል።

የሐበሻ ዶሮ ሌላ ናት። እንቁላሏ ትንሽ ነው፣ ቀለሙ ከነጭ እስከ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሄዳል። ቁጥሩም ብዙ አይደለም፣ ምክንያቱም ጥቂት ጥላ መታቀፍ ያምራታል። ቦቫንስ ደግሞ መታቀፍ የሚባል ነገር ረስታለች ማለት ይቻላል። ጫጩት ከፈለጋችሁ አንድ ሐበሻ ያዙና የኮኮክ እንቁላል አስታቅፏት፣ 21 ቀን ትቀመጥላችኋለች። ከፈለፈለች በኋላ ግን እጃችሁን ጠብቁ፣ እንኳን ጭልፊት ባለቤቷንም አትምርም።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ገበያ ላይ ምን ዓይነት እንቁላል እንደምትጥል መገመት ከፈለጋችሁ ከጆሮዋ ሥር ያለችውን ትንሽ ሥጋ እዩ። ነጭ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ ነጭ ነው፣ ቀይ ከሆነች ቡናማ። ሁልጊዜ አይሠራም። ቡናማው ቀለም መጨረሻ ላይ ከላይ የሚቀባ ስለሆነ ቅርፊቱን ሰብራችሁ ውስጡን ብታዩ ነጭ ነው። ስልክ ላይ የምታዩት ሰማያዊ እንቁላልም እውነት ነው፣ የቺሊዋ አራውካና ትጥላለች፣ የእሷ ግን ቀለሙ ቅርፊቱን ዘልቆ ውስጥ ድረስ ይገባል። በጣዕምም በምግብነትም ቀለሙ ለውጥ የለውም። የአስኳሉ ቢጫነት የሚመጣው ከምትበላው ነው፣ ቅጠላ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ስጧትና እዩ።

አሁን ዋናው የድሬ ጣጣ፣ ሙቀት። ዶሮ አያልባትም፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ስታለከልክ ከደሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይወጣል፣ ቅርፊቱ የሚሠራበት ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ ያንኑ ነው የሚፈልገው፣ ለዚህ ነው ግንቦትና ሰኔ ላይ ስታነሱት እጃችሁ ላይ የሚሰበር እንቁላል የሚበዛው። መኖውን በማለዳና ፀሐይ ስትበርድ ስጡ፣ ቀትር ላይ ተዉአት። ውሃውን በሸክላ ዕቃ ጥላ ሥር አስቀምጡ፣ በፕላስቲክ ከሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሻይ ይሆናል። የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አድቅቃችሁ ለብቻው አቅርቡላት።

ቡናማ ጣይዋ ስታረጅ እንቁላሏ እየፈዘዘ ይሄዳል፣ አያሳስብም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንገት ከነጣ ግን ወይ ሙቀቱ ወይ ድንጋጤ ወይ በሽታ ነው። በተለይ ከጎኑ ማስነጠስ ወይም አረንጓዴ ኩስ ካያችሁ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ያቺን ዶሮ ለይታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ ገበያ ወስዳችሁ ለሌላ ሰው እንዳትሸጧት።