«መብራትና ውሃ በስምምነት» ብላችሁ አትፈርሙ

ባሕር ዳር ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ዣንጥላ ሥር ተቀምጬ ውልና ማመልከቻ እጽፋለሁ። ጠዋት የኪራይ ውል፣ ከሰዓት ደግሞ የኪራይ ክስ። እንጀራዬ ነው፤ ግን ያው ጠብ ሲመላለስ ይሰለቻል።

በጣም የሚያንገበግበኝ «መብራትና ውሃ በስምምነት ይከፈላል» የምትለዋ መስመር ናት። የቱ ስምምነት? የእኛ ከተማ ግቢ ታውቁታላችሁ። አከራዮቹ ከፊት፣ ከጓሮ አራት አምስት ሰርቪስ ቤት፣ ለሁሉም አንድ ቆጣሪ። አንዷ ቀኑን ሥራ ውላ ማታ አምፖል ብቻ ታበራለች። ጎረቤቷ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። ቢሉ ሲመጣ «ለአምስት እናካፍለው» ይባላል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የመብራት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀምና ከ500 በላይ የሚጠቀም በአንድ ዋጋ አይታሰቡም። አምስት ቤት አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር ግቢው በሙሉ ውዱ እርከን ውስጥ ይገባል። ባለ አምፖሏ የምጣዱን ብቻ ሳይሆን የእርከኑንም ትከፍላለች። ባለፈው በሦስት መቶ ብር የተጣሉ ሁለት ሴቶች አከራያቸውን መሃል አድርገው መጡ። «እትዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ!» ይላሉ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም።

ከተቻለ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ይግባ። ካልሆነ ምጣድ ያለው በወር ስንት እንደሚጨምር በብር ይጻፍ። የገባችሁበት ቀን ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር ውሉ ላይ ይስፈር፤ በስልክም ፎቶ አንሱት። ሮቶ ካለ ውሃ የሚስበው ሞተር በማን መብራት እንደሚሠራ ጠይቁ።

ሌላው ቀብድ ነው። ሰው ለቤት የሰጠውን ብር ሁሉ ቀብድ ይለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። የሰጣችሁት የመጀመሪያው ወር ኪራይ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ።

ኪራይ በባንክ ክፈሉ፤ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ኪራይ» በሉ። የብሩን ነገር ጨረስኩ።

የሚያከራየው ማነው? «ውጭ ያለው ወንድሜ ቤት ነው» ያለ ሰው ውክልናውን ያሳይ፤ ማከራየት እንደሚችልም ውክልናው ላይ ይነበብ። አንዲት ደንበኛዬ የስድስት ወር ከፍላ ገባች። ባለቤቱ ለጥምቀት መጣና «ማን አስገባሽ?» አላት። ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የጋራ ቤትን ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

አሁን አሁን ደግሞ «አዋጁ ሁለት ዓመት አያስወጡኝም ይላል» እያሉ የሚመጡ በዝተዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውሉን ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያውንም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያደርጋል። ግን ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ውሉም በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አንዷን «ውልሽ የታለ?» ስላት «በቃል ነው የተስማማነው» ትለኛለች። ታዲያ እኔ ምን ልጻፍ?

ቤት በበጋ ስታዩ ግድግዳውን ከታች ጀምራችሁ እዩ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ ጠርጥሩ። እኔ አልጠረጠርኩም። ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ ቤት ግንቦት ላይ ገባሁ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ጫማዬ አልጋው ሥር ሲንሳፈፍ አገኘሁት። ጠዋት አከራዬ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ውሃ ገባ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ክረምት እኮ ነው» አሉኝ። ተናድጄ ውሉን አወጣሁ። ስለ ጥገና አንድ ቃል የለበትም። ጽሕፈቱ ደግሞ የራሴ ነው።