የበርሜል ሻርዶኔ አዳማ ላይ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ሻርዶኔ የሚባለው ነጭ ወይን በኦክ በርሜል ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክፍል ቢቆይ ይወዳል። አዳማ ግን ሙቀቱም ደረቁ ነፋስም አያስቀምጠውም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማቀዝቀዣው አብሮ ይጠፋል።

ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ተቆርጦ የዋለ ፖም ይሸታል

አየር ገብቶበታል። ክፍሉ ሲደርቅ ውሃው በእንጨቱ በኩል እየተነነ በርሜሉ ከላይ ይጎድላል። ቡሹን ነቅለው በባትሪ ይዩ፤ ወይኑ ከአፉ ዝቅ ካለ በራሱ በሻርዶኔው ይሙሉት፣ በውሃ አይሞከርም። ለዚሁ እስከ አፉ የተሞላ ደምጃን ከጎን ይቀመጥ፤ ሲጋመስ ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች ይገልበጥ፣ አለበለዚያ መሙያው ራሱ ይበላሻል። በበጋ በየሳምንቱ መሙላት ነው። በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዘግቶ ወለሉ ላይ ውሃ ማርከፍከፍም ይረዳል።

ቀጥሎ ሰልፈር። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 3.4 ከሆነ ነፃው ሰልፈር፣ ማለትም ከሌላ ነገር ጋር ሳይያያዝ ወይኑን የሚጠብቀው፣ በሊትር 30 ሚሊግራም አካባቢ መሆን አለበት። በ225 ሊትር በርሜል በሊትር 10 ሚሊግራም ለመጨመር 4 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ሰልፈሩን የሚሰጠው ዱቄት) በጥቂት ወይን አሟሙቶ መጨመርና ማማሰል ይበቃል። ገና የጀመረውን ሽታ ሰልፈሩ ይይዘዋል፤ የከረመው ግን አይመለስም።

አቼቶ አቼቶ ይላል

የኮምጣጤ ባክቴሪያ ነው፤ አየርና ሙቀት ይወዳል። ሽታው ገና ስስ ከሆነ ሞልቶ፣ ሰልፈር ሰጥቶ ማቀዝቀዝ ነው። ጎልቶ ከወጣ ከሌላ ወይን ጋር አይቀላቅሉት፤ በርሜሉንም ለወይን አይመልሱት።

የገማ እንቁላል ይሸታል

አምቡላው ከታች ወፍሮ ተኝቷል፣ ወይም እርሾው ሲፈላ ናይትሮጅን አንሶታል። ሁለት ብርጭቆ ይቅዱ፣ አንዱ ውስጥ የጸዳ የመዳብ ሽቦ ይክተቱና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ሽቦ ካለበት ብርጭቆ ሽታው ከጠፋ ችግሩ ይኸው ነው፤ ከወፍራሙ አምቡላ ለይተው ያዛውሩት፣ ስሱን አምቡላ በሳምንት አንዴ ያማስሉት። ዝም ብሎ በከረመ ቁጥር ሽታው በመዳብ የማይለቅ ይሆናል።

ቅቤው በዛ

ማሊክ አሲድ ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለወጥ ዳያሴቲል የሚባል ነገር ይወጣል። ለጋ ቅቤ ሲሸት ደስ ይላል፤ የከረመ ቅቤ ሲሆን አይጠጣም። ለውጡ እንዳለቀ ሰልፈር ለመጨመር አይቸኩሉ፤ ሁለት ሳምንት ያህል አምቡላው ላይ ቢቆይ እርሾው ራሱ ይበላዋል። በርሜሉ ግን ሙሉ ይሁን።

እንጨት እንጨት ይላል

በርሜል ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል። ጋን በወይራ እንደማጠን ነው፤ ሲበዛ ጭሱ እንጂ መጠጡ አይቀመስም። በርሜሉ ሁሉ አዲስ ከሆነ ይህ አይቀርም፤ ለቀጣዩ ከአራት አንዱን ብቻ አዲስ ያድርጉ። ለአሁኑ በርሜል ካልነካው ሻርዶኔ ጋር ይመጥኑ፦ በ100 ሚሊ ሊትር መለኪያ 90 ለ10፣ 80 ለ20፣ 70 ለ30 ቀላቅለው ይክደኑና በማግስቱ ጠዋት፣ ቡና ሳይጠጡ፣ ይቅመሱ።