የኮሰረትና የበሶብላ መዓዛ እስከ ድስቱ እንዲቆይ፦ አቆራረጥ፣ አደራረቅ፣ አቀማመጥ

አንድ የጤና አዳም ቅጠል ቀጥፈው ወደ ብርሃን ያንሱት። በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ። የዘይት ከረጢቶች ናቸው። በበሶብላ፣ በጦስኝና በኮሰረት ላይ ደግሞ ከረጢቶቹ የቅጠሉ ቆዳ ላይ ተለጥፈው ስለሚገኙ፣ ገና ጣት ሲነካቸው ይፈነዳሉ። እጃችን ላይ የሚቀረው ሽታ ከእነሱ የወጣ ዘይት ነው።

ተክል ሊበላው የመጣ ነፍሳት ሲያገኘው ሸሽቶ አያመልጥም። ስለዚህ መከላከያውን ቅጠሉ ላይ ያስቀምጣል። ትሉ ሲነክስ ከረጢቱ ይፈነዳና ዘይቱ አፉን ያቃጥለዋል፤ በቁስሉ በኩል ሊገባ የሚሞክረውን ሻጋታና ባክቴሪያም ይገታል። በጦስኝ ዘይት ውስጥ ካሉት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ቲሞል ጀርም በመግደል የታወቀው ለዚህ ነው። ከዚህም የሚያስደንቅ ነገር አለ፦ በቆሎ በአባጨጓሬ ሲበላ የተለየ ሽታ ወደ አየር ይለቃል፤ ያንን ሽታ ተከትለው የሚመጡ ትናንሽ ተርቦች አባጨጓሬው ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የአበባ ሽታ ግን ሥራው ንብና ሌሎች ነፍሳትን መጥራት ነው። በምሽት የእሳት ራት የሚጎበኛቸው አበቦች ሽታቸውን የሚያበረቱት ሲመሽ ነው።

እንግዲህ ዘይቱ ከረጢቱ ሲሰበር ይወጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይተናል። ከታች ያለው ሁሉ ከረጢቱን ድስት እስኪደርስ ሳይሰበር ለማቆየት ነው።

1. አስተዳደግ። ተክሉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያግኝ። ጥላ ሥር ያደገና ውኃና ማዳበሪያ የበዛለት በሶብላ ለምለም ይሆናል እንጂ ሽታው ደካማ ነው። ውኃ የሚያጠጡት አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ ነው።

2. አቆራረጥ። ጠዋት፣ ጤዛው እንደደረቀና ፀሐይ ሳትበረታ ይቁረጡ። ኮሰረትና ጦስኝ ሊያብቡ ሲሉ ይቆረጣሉ። በሶብላ ግን ከነአበባው ነው የሚፈለገው፤ አበባውን የያዘው አረንጓዴ ሽፋንም በዘይት ከረጢት የተሞላ ስለሆነ አበባውን ጥሎ ቅጠሉን ብቻ መልቀም ኪሳራ ነው። በስለታም ቢላዋ ወይም መቀስ፣ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ ከታች ቢያንስ ሁለት ጥንድ ቅጠል ትተው ይቁረጡ፤ ከዚያ መልሶ ያቆጠቁጣል። የቆረጡትን ጆንያ ውስጥ አይጠቅጥቁ። ሰፊ ቅርጫት ይሻላል።

ጤና አዳም ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ ይህም ተክሉ ራሱን ከሚጠብቅበት መንገድ አንዱ ነው። ደመናማ ቀን ወይም ምሽት ይመረጣል።

3. አደራረቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ከአየሩ በላይ ስለሚግል ዘይቱ ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው የደረቀ ሣር ነው። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ክፍል ውስጥ፣ ሰፌድ ወይም ወንፊት ላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይበትኑት፤ በቀን አንድ ጊዜ በቀስታ ያገላብጡት። ማድረቂያ መሣሪያ ካለ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። ኮሰረት በሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ በሶብላ አበባው ወፍራም ስለሆነ እስከ 10 ቀን ይወስዳል። የበሶብላ ቅጠል ከጠቆረ ወይ ሲቆረጥ ተጨፍልቋል፣ ወይ ተከምሮ ውኃው ቶሎ አልወጣለትም። በክረምት ምድጃ በላይ ማንጠልጠል ያደርቀዋል፣ ነገር ግን ጭሱን ይጠጣል።

1 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ደርቆ ከ150 እስከ 200 ግራም ቢሆን አይደንግጡ፤ የሄደው ውኃ ነው።

4. መፈተሽ። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከዚያ ጥቂቱን ብልቃጥ ውስጥ ከድነው ያሳድሩት። ጠዋት ብልቃጡ ውስጡን ላብ ካለው ገና ነው፤ እንደዚያው ከተቀመጠ ይሻግታል።

5. አቀማመጥና አጠቃቀም። ቅጠሉን ሳይፈጩ፣ በደንብ በሚከደን ብልቃጥ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። እንዲህ ሆኖ ዓመት ይቆያል። የተፈጨው ግን ከረጢቱ ስለተሰበረ በጥቂት ወራት ይደክማል፤ ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይውቀጡ።

ይህ ዘይት ከውኃ ይልቅ ከቅባት ጋር ይስማማል። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረት የሚገባበት ምክንያትም ይኸው ነው። ለ1 ኪሎ ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ኮሰረት በእጅ አሽተው፣ እሳቱን ቀንሰው ይጨምሩ። ቅቤው እየተንፈቀፈቀ ብዙ ከቆየ መዓዛው ቤቱን ይሞላል እንጂ ቅቤው ውስጥ አይቀርም፤ አረፋው እንደጠራ አውርደው፣ ከድነው፣ 15 ደቂቃ ካሳረፉ በኋላ ያጥልሉት።