ዝናብ ሥራ ሲያስቆም የሠራተኛን ሰዓትና ክፍያ እንዴት እንይዛለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ሐዋሳ ዳቶ አካባቢ የአንድ ግቢ አጥር አሠራ ነበር። 13 ሰው ነበረኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ጀመርን፤ 4 ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። «ትንሽ ጠብቁ፣ ያባራል» አልኳቸው። አላባራም። ሸራ ሥር ተጠጋግተው ቆሙ፣ ምሳቸውንም እዚያው በሉ። 8 ሰዓት ሲሆን «በቃ፣ ዛሬ አይሆንም» ብዬ የሁለት ሰዓት ሒሳብ ከፈልኳቸው።

በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ግንበኛ ብሩን ቆጥረው መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ከ4 እስከ 8 እዚህ የቆምኩት በማን ሰዓት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ከ13ቱ የመጡት 5 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሌላ ሳይት ሄደዋል። እውነታቸውን ነው። በድያቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን አካሄድ ነው የምጽፈው። ግንባታ ለሚያሠራ፣ ኮብልስቶን ለሚያስነጥፍ፣ እርሻ ላይ ሰው ለሚያሰማራም ያገለግላል።

ዝናቡ ሳይመጣ

ለባለቤቱ ዋጋ ስትሰጡ የዝናቡን ቀን አስገቡ። ሐዋሳ ላይ በልጉ ይጀምራል፣ ክረምቱ ይከተላል። በክረምት ለሚሠራ ሥራ እኔ በሳምንት አንድ ቀን በዝናብ እንደሚጠፋ አድርጌ ነው የማሰላው። ይህን ብር መጀመሪያ ካልያዛችሁት በኋላ ከሠራተኛው ኪስ ነው የምትፈልጉት።

የሥራ ሰዓቱንም ወደ ጠዋት ሳቡት። ብዙውን ጊዜ ዝናቡ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው። እኔ ከ1 እስከ 5፣ ከዚያ ከ6 እስከ 10 አሠራለሁ። ስምንት ሰዓት ሞላ። በዚያ ሰዓት ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ሰው ስላለ 3 ሰዓት ላይ ሻይና ዳቦ ይኖራል።

የዝናብ ስምምነቱን በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ በአንድ ገጽም ጻፉት። ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። አማርኛ ለማይቀለው ከመካከላቸው አንዱ በሲዳምኛ ያስረዳው።

ሰዓቱ የማን ነው?

ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በዝናብ ቀን ሦስት ዓይነት ሰዓት አለ። የተሠራበት፣ የተጠበቀበትና ሠራተኛው የተሰናበተበት። የተሠራበት አያከራክርም። ጠቡ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ብዙ አሠሪ «አልሠራህም፣ ምን ልክፈልህ?» ይላል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 54 መጀመሪያ ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ መሆኑን ይናገራል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ የእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ከቀረ ደመወዙን እንደሚያገኝ ይደነግጋል። ዝናብ ደግሞ የማንም ሠራተኛ ጥፋት አይደለም። ግንበኛው የሲሚንቶ ማንኪያውን ይዞ ሸራ ሥር ከቆመ ሰዓቱ የእናንተ ነው። ጠብቅ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ዋናው ነገር የጥበቃውን ሰዓት ማሳጠር ነው። የእኔ ደንብ አንድ ሰዓት ነው። ዝናቡ ሲጀምር ሰዓት አያለሁ፣ እጽፋለሁ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አላሙራ ተራራ አያለሁ። ተራራው በደመና ተሸፍኖ ከጠፋ ዝናቡ እንደማይለቀን ልምዴ ነግሮኛል። መሬቱን እረግጣለሁ፣ የተቆፈረውን አያለሁ። ሰዓቱ ሲሞላ ከሁለት አንዱን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ወይ ጣራ ሥር የሚሠራ ሥራ አለ፣ ወይ ወደ ቤት። «ትንሽ ጠብቁ» የሚለውን ሁለተኛ ጊዜ አልደግመውም።

የጣራ ሥር ሥራ ቀድሞ ይዘጋጅ። ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) መቁረጥ፣ ስታፋ (ፌሮውን ዙሪያውን የሚይዘውን ቀጭን ብረት) ማጠፍ፣ ከጣውላ ላይ ሚስማር መንቀል፣ ዕቃ መቁጠር። እነዚህን በደረቅ ቀን አታሠሩ፣ ለዝናብ ቀን አቆዩአቸው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግን ሁሉንም ከስካፎልዲንግ (ከመወጣጫው) አውርዱ፤ ለዚህ አንድ ሰዓት አይጠበቅም።

የተሰናበቱበትን ሰዓት ደግሞ በምሳሌ እንየው። ለሒሳብ እንዲመቸን የቀን ክፍያው 600 ብር ነው እንበል፤ በሰዓት 75 ብር ማለት ነው። ማክሰኞ 1 ሰዓት ገባን፣ 4 ሰዓት ላይ ዘነበ፣ 5 ሰዓት ላይ አሰናበትኩ። ሦስት ሰዓት ተሠራ፣ አንድ ሰዓት ተጠበቀ፣ አራት ሰዓት ቀረ። አዋጁ የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በዚያው ሳምንት በሌሎች ቀናት ማካካስ ይፈቅዳል። በቀን ከስምንቱ ሰዓት ላይ የሚጨመረው ግን ከሁለት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሁለት እንጨምራለን። ቅዳሜ ስንደርስ 48 ሰዓት ሞልቷል፣ ሁሉም 3,600 ብሩን ይወስዳል። እኔም ሥራዬን አገኘሁ፣ እነሱም ከደመወዛቸው አልጎደለባቸውም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

የተጠበቀው ሰዓት አይካካስም። የማክሰኞዋ አንድ ሰዓት ተከፍሎባታል፣ አልቃለች። «ያኔ ቆመህ ነበር፣ ዛሬ ጨምርልኝ» ማለት አንድን ሰዓት ሁለት ጊዜ መውሰድ ነው።

ማምሸት የማይችል ሰው አለ። ልጅ ጎረቤት ትታ የመጣች እናት አለች፤ ማታ የሚማር ወጣት አለ። ለእነሱ አርብና ቅዳሜ ላይ በታትኑላቸው። ረቡዕና ሐሙስም ዘንቦ ማካካሻ ከጠፋ ግን እኔ እከፍላለሁ። መጀመሪያ ዋጋ ውስጥ ያስገባሁት የዝናብ ብር ለዚህ ነው።

እሑድን አትንኩ። በሳምንት የዕረፍት ቀን የሚሠራ ሰዓት ሁለት እጥፍ ይከፈልበታል፤ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል። በአዘቦት ቀን ከማካካሻው አልፎ ትርፍ ሰዓት ከተሠራም በአንድ ተኩል ይባዛል። ከላይ ባለው ምሳሌ በሰዓት 112 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም።

ደብተሩ

በስልክ አፕም በኤክሴልም ሞክሬያለሁ። ሳይት ላይ ስልክ አይሆንም። ጣት ይረጥባል፣ ስክሪኑ እንቢ ይላል፣ ባትሪው ያልቃል። ባለ ካሬ ደብተር ግዙና በላስቲክ ከረጢት ያዙት። ኤክሴሉን ማታ ቤት ሙሉት።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ካሬ። ለሠራበት «ሠ»፣ ለጠበቀበት «ጠ»፣ ለተሰናበተበት «ሄ»። ያ ማክሰኞ ሠ ሠ ሠ ጠ ሄ ሄ ሄ ሄ ሆኖ ይነበባል። ከሥሩ ዝናቡ የጀመረበትንና ያሰናበታችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

ከመበተናቸው በፊት ስም እየጠራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል፣ ከዚያ ይፈርማሉ። እኔ አንድ ሰሞን ቅዳሜ ላይ ከጭንቅላቴ እያስታወስኩ እሞላ ነበር። አንዲት አሸዋ የምታቀብል ልጅ የግማሽ ቀን ሒሳብ ጎድሎባት ሳታውቅ ክፍያዋን ወሰደች። ያወቅነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ብሩን መለስኩላት፤ ያን ሳምንት የቤት ኪራይ ተበድራ እንደከፈለች ግን ነገረችኝ። የገጹን ፎቶ በየቀኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ክፍያ

በሥራ ቀን፣ ሥራው ቦታ ላይ ክፈሉ። በቴሌብርም ሆነ በእጅ፣ መዝገቡ ላይ ጠቅላላው፣ የተቆረጠው ካለ ምክንያቱ፣ የተጣራው ይጻፍና ይፈረም። ሲሚንቶ ዝናብ መታው ብላችሁ በራሳችሁ ውሳኔ ከደመወዝ አትቁረጡ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር መቁረጥ አይቻልም።

በሜትር ኮንትራት ለያዙ ልስን ሠሪዎች ጉዳዩ ሌላ ነው። ትኩስ ልስን በዝናብ ቢታጠብ ኪሳራው የማን ነው? ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፤ ደመናውን እያየሁ «ቀጥሉ» ያልኩት እኔ ከሆንኩ የድጋሚውን እከፍላለሁ።

ዝናቡ ሳምንታት ከዘለቀ

ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ከሆነ ሥራን ለጊዜው ማገድ የሚባል መንገድ አዋጁ ላይ አለ። ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሐምሌ ላይ የሚጥል የተለመደ ዝናብን ግን ከአቅም በላይ ነው ብሎ ማስረዳት የሚያስኬድ አይመስለኝም። ጎርፍ ሳይቱን ቢያጥለቀልቀው ሌላ ነገር ነው። ያኔ ውኃው ሳይጎድል ፎቶ አንሱ፣ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ከደብተሩ ጋር አስቀምጡት።