ኦቲዝም ያለባቸውን ስንደግፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ልጅ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላል። እናቱ ሥራ ይዛለችና «አይ፣ አልፈልግም» ትለዋለች። ደግሞ ይጠይቃል፤ ደግማ ትመልሳለች። በሦስተኛው መሬት ላይ ተንከባሎ ይጮኻል። ቤተሰቡ ሁሉ «ያለ ምንም ምክንያት ተነሣበት» ይላል።

ልጁ ኦቲዝም አለበት፤ ይኸውም አእምሮ ከልጅነት ጀምሮ መግባባትንና ስሜትን በተለየ መንገድ የሚያስተናግድበት ሁኔታ ነው። የጮኸው ግን ተጠምቶ ነበር። ውሃ በተሰጠው ቁጥር የሚሰማውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አንሥቶ ተናገረው። እናቱን «ትፈልጊያለሽ» ሳይሆን «ትፈልጋለህ» ማለቱ ራሱ ምልክት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት የተደጋገመ ቃልን ትርጉም የለሽ አድርጎ መቁጠር ነው። ልጁ የሚደጋግማቸውን ሐረጎች በደብተር ጻፉ፤ መጀመሪያ የትና መቼ እንደሰማቸው አስታውሱ። ከዚያ በእሱ አፍ «ውሃ እፈልጋለሁ» በሉለትና ውሃውን ወዲያው ስጡት። ካልደገምከው አልሰጥህም ማለት የጠማውን ሰው መፈተን ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፦ «ሥዕል ወይም ታብሌት ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚለው ፍርሃት። የተደረጉት ጥናቶች ይህን አይደግፉም፤ በሥዕልና በመሣሪያ መግባባት ንግግርን አያግድም፣ ብዙ ልጆችንም ያግዛል። የራሱን ኩባያ፣ የራሱን አልጋ ፎቶ አንሥታችሁ ጀምሩ። እናንተም ስታነጋግሩት ሥዕሎቹን እየነካችሁ አሳዩት። መሣሪያውን ለቅጣት መንጠቅ ግን አፉን እንደማፈን ነውና ፈጽሞ አታድርጉት።

አነጋገራችንም ራሱ ፈተና ይሆናል። «እጅህን ታጥበህ፣ ሸሚዝህን ቀይረህ፣ ቦርሳህን ይዘህ ወደ መኪናው ሂድ» ስንል በአንድ ትንፋሽ አራት ትእዛዝ አወረድን፤ በዚያ ላይ በአማርኛ ዋናው ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «እጅህን ታጠብ» ብላችሁ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ከባዱ ነገር ዝምታው ነው፤ ብዙዎቻችን ሦስት ሳንደርስ ትእዛዙን በሌላ ቃል እንደግመዋለን፤ ልጁም ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። «አንጀቴን አቃጠልኸው» ሲባል ቃል በቃል ተረድቶ የሚደነግጥ ልጅ አለ። «ትንሽ ቆይ» ደግሞ ስንት ደቂቃ ነው? «መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ውጭ» የሚለው ይገባዋል።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ጩኸትን ሁሉ ብልግና ብሎ መቅጣት ነው። አንድ ነገር ፈልጎ የሚያለቅስ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሰው ያየው እንደሆነ በዓይኑ ይሰልላል፤ የፈለገውን ሲያገኝም ያቆማል። ከአቅሙ በላይ የሆነበት ልጅ ግን የጠየቀውን ብትሰጡትም አያቆምም። በመብራት፣ በጫጫታ፣ በልብስ ስፌት፣ በድንገተኛ የፕሮግራም ለውጥ ተጨናንቋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለመነካት ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ስሜት ማሳየትን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። በዚያ ሰዓት ምክርም ቁጣም አይገባም። መብራቱን ቀንሱ፣ ሰው አስወጡ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ሊጎዳው የሚችለውን ዕቃ አርቁ፣ ሳይፈልግ አትቀፉት። ሲረጋጋ ከጩኸቱ በፊት የነበረውን ግማሽ ሰዓት ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያን ማስታወሻ ስታነቡ ምክንያቱ ራሱ ሊወጣ ይችላል።

ጸባዩ በድንገት ከተለወጠ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሰውነቱን አስመርምሩ፦ ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት። የሚጥል በሽታም ኦቲዝም ባለባቸው ዘንድ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። «ኦቲዝሙ ነው» ተብሎ የታለፈ የጥርስ ሕመም ስንቱን ሌሊት እንቅልፍ ነስቶ ይሆን!

«ዓይኔን እያየህ አዳምጥ» ማለትን ተዉት። ለብዙዎቹ ዓይን ማየትና ማዳመጥ በአንድ ጊዜ አይሄዱላቸውም። እጅ ማርገብገብና መወዛወዝም ማንንም ካልጎዳ ይቆይ፤ ራሳቸውን የሚያረጋጉበት ነው። ራስን መምታት ወይም መንከስ ግን ባለሙያ የሚፈልግ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፈዋሽ ፍለጋ መሮጥ ብዙ ቤተሰብ አሟጥጧል። የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር ኦቲዝም ያለባቸውን አሥራ አንድ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1943 በጽሑፍ ከገለጸ በኋላ ለዓመታት «የእናት ፍቅር ቅዝቃዜ ነው» ተብሎ እናቶች ተወቀሱ፤ ሐሰት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 አሥራ ሁለት ልጆችን ብቻ ይዞ የወጣው፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ የሚከስ ጽሑፍም በ2010 ባወጣው የሕክምና መጽሔት በራሱ ተሰርዟል። እስከ ዛሬ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ማንጫ ኬሚካል መድኃኒት ነው ብለው ለወላጅ የሚሸጡ አሉ። የልጅን አንጀት የሚያቃጥል ነገር ነው፤ አትስጡ። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ሐኪም ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት ወይም ለሚጥል በሽታ የሚያዝዘው ግን ሊጠቅም ይችላል።

ልጆቹ እንደሚያድጉ መርሳትም አለ። የሠላሳ ዓመት ሰው አጠገባችን ተቀምጦ አብሮት የመጣውን «ምን ይጠጣል?» ብለን እንጠይቃለን። እሱን ጠይቁት፤ በአንቱታ ለምትጠሩት ዕድሜ ከደረሰም አንቱ በሉት። ባይናገር እንኳ የሚሰማ ሰው ነው። በሥራ ቦታ ትእዛዝን በጽሑፍ መስጠት፣ የስብሰባን አጀንዳ አስቀድሞ መላክ፣ ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ ማዳመጫ ማድረግን እንደ ንቀት አለመቁጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። «ኦቲዝም ያለብህ አትመስልም» ማለትም ምስጋና አይደለም። እንዳይመስል ቀኑን ሙሉ የደከመበትን፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ቃል መናገር የሚያቅተውን ሰው አላየነውም።

ሌላው በፍቅር የሚሠራ ስህተት ነው፦ ሁሉን ሠርቶ መስጠት። የልጇን ሸሚዝ እስከ ሃያ አምስት ዓመቱ የምትቆልፍለት እናት ልትተወው አትደፍርም፤ ሙሉውን በአንዴ «ራስህ ቆልፍ» ብትለውም አይሆንለትም። ከመጨረሻው ትጀምር። ሁሉን ቆልፋ የታችኛውን አንድ ቁልፍ ግማሽ ድረስ አስገብታ ትተውለት፤ ጎትቶ ያውጣው። ያ ሲለመደው ያን ቁልፍ ከነሙሉው፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን።