አጥቂው ወጥቷል ብለን የምንዘናጋባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የትናንሽ ድርጅቶችን ኮምፒውተር እየዞርኩ እከታተላለሁ። ካየኋቸው ጥፋቶች ሁሉ የከፋው የአጥቂው መግባት ሳይሆን ገብቶ መቆየቱ ነው። ለመቆየት ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አብሮ የሚነሳበት መንገድና ከተራ ተጠቃሚ ወደ አድሚን (ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ወደሚያዝ አካውንት) የሚያወጣው መብት። ሁለቱም ዱካ አላቸው፤ ዱካው የሚያመልጠን ግን በራሳችን ስህተት ነው።

አንቲቫይረሱ «ንጹህ ነው» ስላለ መተው

ሐይቁ ዳር ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የሒሳብ ኮምፒውተር ላይ አደገኛ ፋይል አግኝቼ አጠፋሁ። በድጋሚ ስካን ሳደርግ ምንም አልተገኘም። በአራተኛው ቀን የማረፊያው ባለቤት ደወሉ። «ልጄ፣ ያ ነገር ተመልሶ መጣ። አጥፍተኸው አልነበረም እንዴ?»

«አጥፍቼው ነበር፣ እትዬ።»

እውነቴን ነበር፤ ያላጠፋሁት ፋይሉን የሚያመጣውን ነው። ሥራዎች በተወሰነላቸው ሰዓት በራሳቸው እንዲነሱ የሚያደርገውን ታስክ ስኬጁለርን ስከፍት የብሮውዘር አፕዴት የሚመስል ስም አየሁ፤ ደግሜ ሳነበው አንድ ፊደል ተደርቦበታል። በየሰዓቱ የዊንዶውስን የትእዛዝ መስጫ፣ ፓወርሼልን፣ ሳይታይ ያስነሳል፣ ፓወርሼሉም ፋይሉን ከኢንተርኔት አውርዶ ይመልሰዋል። የሚሠራው ደግሞ «ሲስተም» በተባለው፣ ከተራ አድሚን በሚበልጠው አካውንት ነበር።

ጣና ላይ እምቦጭ ሲነቀል ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ላዩ ሲነሳ ውሃው ጠርቶ ይታያል፤ ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ይበቅላል። ስለዚህ ፋይሉን ካጠፉ በኋላ ታስክ ስኬጁለርን፣ ሰርቪሶችን (ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን)፣ ስታርትአፕ ፎልደሩን፣ የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ሬጂስትሪ ውስጥ «ረን» የሚባሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ይዩ። የማይክሮሶፍቱ አውቶረንስ በነጻ የሚገኝ ሲሆን እነዚህን ሁሉ ባንድ መስኮት ያሳያል። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ ዝርዝሩን ሴቭ ካደረጉት በኋላ ከአዲሱ ጋር ያስተያይልዎታል። እንደ ኤኒዴስክ ያለ ከርቀት መቆጣጠሪያም ካለ ማን እንደጫነው ይጠይቁ፤ ሕጋዊ ፕሮግራም ስለሆነ አንቲቫይረስ ብዙ ጊዜ አይነካውም።

ያልተሳካውን ሙከራ ብቻ መቁጠር

ዊንዶውስ የተከናወነውን እየቁጥሩ ይመዘግባል፤ መዝገቡ የሚታየው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ነው። ብዙዎች እዚያ የሚፈልጉት 4625ን፣ ማለትም ያልተሳካ መግቢያን ነው። ትክክለኛው ፓስወርድ እጁ ከገባ በኋላ ግን አጥቂው 4625 አያስመዘግብም። 4720 አዲስ አካውንት ሲፈጠር፣ 4732 አንድ ሰው አድሚንን ወደመሰለ ግሩፕ ሲጨመር፣ 7045 አዲስ ሰርቪስ ሲተከል ይመዘገባሉ። አሥር ሠራተኛ ባለው ቢሮ 4732 ብርቅ ነው፤ በታየ ቁጥር «ማን ጨመረው? ለምን?» ተብሎ መልስ ሊገኝለት ይገባል። 4672 ልዩ መብት ያለው አካውንት መግባቱን ይናገራል፤ ሲስተሙ ራሱ ቀኑን ሙሉ ስለሚያስመዘግበው ግን ስንት ጊዜ እንደታየ መቁጠሩን ትተው የአካውንቱን ስም ይመልከቱ።

ሰዓቱን ሳያመሳክሩ ማንበብ

ይህ በተለይ የእኛ ነው። በሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫን ሲስተም፣ የሚሠራ ሰርቨር ሎግ (የክንውን መዝገብ) ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ሎጉ ላይ 23፡40 የሚለውን አንድ ባልደረባዬ «11 ሰዓት ከ40፣ ከቢሮ መውጫ ነው» ብሎ አለፈው። 3 ሰዓት ሲጨመርበት የማግስቱ 02፡40 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40። በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የቦርዱ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ዴስክቶፕ ከዓመታት በፊት የነበረ ቀን ይዞ ይነሳል፤ የዚያ ቀን ሎግም ከሌላው ጋር አይገጥምም። ሁሉም ማሽኖች ሰዓታቸውን ከአንድ ምንጭ ይውሰዱ፤ ሪፖርት ሲጽፉም «ሌሊት» ወይም «ቀን» የሚለውን አይዝለሉ።

ለሁሉም አድሚን መስጠት

ፕሪንተር እምቢ ሲል የተሰጠ አድሚን ሳይነሳ ይቀራል። አጥቂው እንዲህ ያለ አካውንት ካገኘ መብቱን ለማሳደግ መታገል አይኖርበትም፤ ሲታገል የሚተወውን ዱካም አናገኝም።

ሎጉን እዚያው ማሽን ላይ መተው

በተለመደው ዊንዶውስ 10 የሴኩሪቲ ሎጉ 20 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሲሞላ አሮጌውን እየሰረዘ ይጽፋል። አድሚን የሆነ አጥቂም ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል፤ ያኔ 1102 ይመዘገባል፣ ከዚያ በፊት የነበረው ግን የለም። ሎጉን ወደ ሌላ ማሽን መላክ ይቻላል፤ ሎግ የሚሰበስበው ዋዙህ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም የራሱ ማስተላለፊያ አለው። አዲስ ታስክ ሲፈጠር የሚመጣው 4698 ደግሞ የኦዲት ፖሊሲው (ምን ምን እንደሚመዘገብ የሚወስነው ቅንብር) ካልተከፈተ ጭራሽ አይመዘገብም። በእንግዳ ማረፊያው ያንን ታስክ ማን፣ መቼ እንደተከለው ለማወቅ ያልቻልኩት ለዚህ ነው፤ ፖሊሲውን መክፈት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሊኑክስን አስተማማኝ ነው ብሎ መርሳት

ኤስኤስኤች ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚገባበት መንገድ ነው። በየተጠቃሚው የተፈቀዱ የኤስኤስኤች ቁልፎች ፋይል ውስጥ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል፤ ፓስወርድ ቢቀየርም በዚያ ቁልፍ ይገባል። የሊኑክስን ታስክ ስኬጁለር፣ ክሮንንም ይዩ። ፒኬኤግዜክ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረው ቀዳዳ ይፋ የሆነው በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማንኛውንም ተራ ተጠቃሚ ሩት (የሊኑክስ የበላይ አድሚን) ያደርግ ነበር። ያልታደሰ ሰርቨር ላይ ዛሬም ይሠራል።

ያገኙትን ወዲያው መሰረዝ

አንዱን ሲነኩበት አጥቂው ይነቃና በሌላው በር ይገባል። ሁለተኛ ስሄድ ታስኩን አልነካሁትም። የኔትወርክ ኬብሉን ነቀልኩ፤ ሜሞሪው ላይ ያለው እንዳይጠፋ ግን ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ በዩፒኤስ አቆየሁት። የታስኩን ቅጂ ወሰድኩ፣ የአካውንቶቹን ዝርዝር አየሁ። መግቢያ ገጹ ላይ የማይታይ፣ አድሚን የሆነ፣ ማንም ሠራተኛ የማያውቀው አካውንት ተገኘ። ሁሉንም ባንድ ላይ አነሳን፤ ፓስወርዶቹን በሙሉ ከሌላ ንጹህ ማሽን ላይ ቀየርን። ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹንና አካውንቶቹን ከአንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሥርዓት) ያለው ድርጅት ቢሆን ኖሮ የመግቢያ ፈቃዶች የሚፈረሙበት የኬአርቢቲጂቲ አካውንት ፓስወርድም ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረበት፤ ሲስተሙ የቀድሞውንም ስለሚያስታውስ አንዴ ብቻ መቀየሩ አይበቃም።

የንጹሁን የአውቶረንስ ዝርዝር በፍላሽ አድርጌ ለእትዬ ሰጠኋቸው። ከደረሰኞቹ ጋር ካዝናው ውስጥ ቆለፉበት።